ወደ በረዶው ከመውጣታችን በፊት



ማኅበራችን በጃንዋሪ መጨረሻ የመጀመሪያውን የስኖውቦርድ ጉዞ ሊያደርግ መሆኑ ከተነገረ ወዲህ በግሩፓችን ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ይሄ የእነሱ ጨዋታ ነው፣ እኛን ምን አገባን? ገንዘቡ ለሶደቃ ቢውል ይሻላል» ይላል። ሌላው ደግሞ የጎግልና የጃኬት ፎቶ ይለጥፋል። እኔ ጉዞው ይደረግ ባይ ነኝ። ግን እስካሁን ከተለጠፉት ፎቶዎች መካከል የእጅ አንጓ መከላከያ አንድም አላየሁም። ዙህርን የት እንደምንሰግድ የጠየቀውም አንድ ሰው ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሳይዘጋጁ ከምንሄድ ጉዞው ቢቀር እመርጣለሁ።

«የእነሱ ጨዋታ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ መሽቀዳደማቸው የታወቀ ነው፤ ሐራም ያልተቀላቀለበት ጨዋታ የማንም ርስት አይደለም። ተራራውም እንደዚያው ነው። በፈረንጆች 1973 አሥራ ሦስት የጥቁር አሜሪካውያን የስኪ ክለቦች እዚሁ ኮሎራዶ፣ አስፐን ላይ ተሰባስበው ነበር፤ ናሽናል ብራዘርሁድ ኦፍ ስኪየርስ የሚባለው ማኅበር የወጣው ከዚያ ስብሰባ ነው። የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። ደግሞስ በረዶ ለእኛ እንግዳ ነው ወይ? በሶላት መክፈቻ ዱዓ አላህ ከኃጢአታችን በውሃ፣ በሠልጅና በበረድ እንዲያጥበን የምንለምን ሰዎች ነን። ዐረብኛው ሁለቱን ይለያቸዋል፤ በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም እንደ ጥጥ የሚወርደውንም «በረዶ» ብለን ነው የምንጠራው። ብዙዎቻችን ሠልጅን በዱዓ ስንጠራው ኖረን በዓይናችን ያየነው ዴንቨር ከገባን በኋላ ነው።

የገንዘቡ ጥያቄ ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አወዳደቅ እናውራ። ስኖውቦርድ ላይ ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይታሰራሉ። በስኪ እግሮች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ቢከዳህ በሌላው ትተርፋለህ። በስኖውቦርድ ግን የሰሌዳው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ለመራመድ ጊዜ የለም፤ ሰው እንደተቆረጠ ግንድ ነው የሚወድቀው፣ ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ። የሰው ልጅ ደግሞ ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ሊይዝ ይሞክራል። ስለዚህ ጀማሪ ስኖውቦርደር ላይ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት የእጅ አንጓ ጉዳት ነው፤ የአንጓ መከላከያ አደጋውን እንደሚቀንስም በጥናት የታወቀ ነው። ሄልሜትም ለጭንቅላት ያው ነው። ሁለቱንም የማያደርግ ሰው ከአውቶቡሱ ባይወርድ ደስ ይለኛል።

ይህን የምለው ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ማታ ማታ ኤርፖርት ሻንጣ የምንጭነው፣ አረጋውያን ቤት አዳሪ የምንሠራው፣ ምግብ የምናደርሰው? ክንዱ ለሳምንታት ጄሶ ውስጥ የገባ ሰው ሻንጣ አያነሳም፣ በሽተኛ አያገላብጥም። ወር በመጣ ቁጥር ኮምቦልቻ ወይም ጅማ ላይ ስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ለአንዳንድ የክፍል ጓደኞቻችን የተሰበረ አንጓ የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ግን የቤት ኪራይ ነው። የኢንሹራንስ ካርዳችሁን አሁኑኑ አውጡና ከራሳችሁ ኪስ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ እዩ። ኢንሹራንስ የሌለው ካለ ተመዝግቦ ከመክፈሉ በፊት ለኮሚቴው ይንገር፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አወዳደቅ ይለመዳል። ወደ ፊት ስትወድቅ ጣቶችህን ጨብጠህ በክርንና በአንጓ መካከል ባለው ክንድህ ተቀበል፤ መዳፍ አትዘርጋ። ወደ ኋላ ሲሆን ቁጭ ለማለት ሞክር፣ አገጭህን ደረትህ ላይ አጣብቅና በመቀመጫህ ተንከባለል። ጂም ውስጥ ባለው የስፖርት ፍራሽ ላይ ሁለት ምሽት ብንለማመደው በቂ ነው። (የሙሶላው ምንጣፍ ላይ ባይሆን ይመረጣል።) ከመሄዳችን በፊት የትኛው እግራችሁ ከፊት እንደሚሆንም እወቁ። በካልሲ ለስላሳ ወለል ላይ ሮጣችሁ ስትንሸራተቱ ሳታስቡት የምታስቀድሙት እግር ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ዕቃ የሚያከራየው ሰው ቁመት፣ ክብደትና የጫማ ቁጥር ከጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ሁለተኛው አቋሜ የአስተማሪ ጉዳይ ነው። ሁለት ጊዜ ሄዶ የመጣ ወንድም ሁሉ «እኔ አሳይሃለሁ» ማለቱ አይቀርም። ኒያው ጥሩ ነው፤ ግን ማሳየትና ማስተማር ይለያያሉ። ብዙ ሪዞርቶች ለመጀመሪያ ቀን ተማሪ ትምህርቱን፣ የዕቃ ኪራዩንና የጀማሪ ሊፍቱን አንድ ላይ ይሸጣሉ። ማኅበሩ ይህን ለጀማሪ ሁሉ ግዴታ ያድርገው። ትምህርቱ አንድ እግር ብቻ አስሮ በመግፋት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጀርባን ለዳገቱ ሰጥቶ በተረከዝ በኩል ቀስ ብሎ መውረድ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ በረዶ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ይህን ከአሁኑ የተቀበለ ሰው አይበሳጭም። መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል፤ አረንጓዴ ክብ የጀማሪ ነው፣ ሰማያዊ ካሬ የመካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ የለመደ ሰው። ከታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ከላይ የሚመጣው ነው የመሸሽ ግዴታ ያለበት። ይህ የተራራው ደንብ ብቻ አይደለም፤ ሰው ላይ ወጥቶ ልጁን የሰበረ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ሶላት። በጃንዋሪ መጨረሻ በዴንቨር አካባቢ ዙህር 12፡15 ገደማ ይገባል፣ ዐስር ወደ 3 ሰዓት ሲቃረብ (በሐነፊ መዝሀብ ከዚያም ዘግይቶ)፣ መግሪብ 5፡15 ገደማ። ሊፍቶቹ በአብዛኛው 4 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። (ሰዓቱ ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው፤ አውቶቡሱ 6 ሰዓት ይነሳል ሲባል ንጋት ነው እንጂ ቀትር አይደለም።) ዙህርና ዐስር በጨዋታው መካከል፣ መግሪብ ደግሞ ቅዳሜ ማታ መኪና በሚቆምበት አይ-70 መንገድ ላይ ያገኘናል ማለት ነው። «እዚያ ስንደርስ እናየዋለን» ካልን የምናየው አንድ ነገር ነው፦ ግማሹ ሰው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ዙህር ሲያልፍ።

«ሙሳፊር ነን፣ አሳጥረን እንሰበስባለን» የሚል አለ። የትኛው ሪዞርት እንደምንሄድ ሳይታወቅ ይህን ማለት ግን ችኮላ ነው። ብዙ ዑለማ ለማሳጠር የሚያበቃውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል፤ የሚለካውም ከከተማው ዳርቻ ነው። ላቭላንድ ከዴንቨር መሀል ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምዕራቡ የከተማ ዳርቻ ከጎልደን በኩል ሲለካ ግን ወደ 70 ይወርዳል። ኪስቶንና ብሬከንሪጅ ከዚያ ርቀው ስለሚገኙ ጥያቄ አያስነሱም። በተጨማሪ የሐነፊ መዝሀብ ተከታይ የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ከሐጅ ውጭ ሶላትን አይሰበስቡም፤ ከወሎ የመጣን ሰዎች ሁለቱም መዝሀብ በአንድ ሰፈር ሲኖር አይተናል። ስለዚህ ሪዞርቱ ከመመረጡ በፊት አንድ ሰው ወደ ኢማሙ ይሂድና ይጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ለሁላችን ይላክ። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ የማውቀው ጥያቄው ተራራው ላይ ሳይሆን እዚህ መጠየቅ እንዳለበት ነው።

ዉዱእ ላይ ነገሩ ከሚመስለው ይቀላል። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) በጉዞ ላይ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ኹፍ ሊያወልቁ ሲሉ፣ በጦሃራ ላይ ሆነው እንዳጠለቁት ነግረው እንዲተዉት ያዘዙበትና በላዩ ያበሱበት ዘገባ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። የስኖውቦርድ ቡት ቁርጭምጭሚትን ይሸፍናል፣ ይራመዱበታል፣ ውሃ በቀላሉ አያስገባም። እንደ ስኪ ቡት ድንጋይ ስላልሆነ ጉልበትም ያስጎነብሳል። ቁም ነገሩ ቡቱን ከማጥለቅ በፊት ሙሉ ዉዱእ መኖሩ ነው። ከቤት ይዘነው የወጣነው ዉዱእ አውቶቡስ ላይ በእንቅልፍ ሊፈርስ ስለሚችል፣ ሪዞርቱ እንደደረስን ዕቃ ከመከራየታችን በፊት ሞቅ ባለው የሎጁ ውሃ ዉዱእ እናድርግና ቡቱን በዚያ ላይ እናጥልቅ። ከዚያ በኋላ ለዙህርም ለዐስርም እግር ሲንክ ላይ ማውጣት የለም፤ ከላዩ በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል። ቡቱን መሀል ላይ ያወለቀ ሰው ግን መስሑ ይፈርስበታል፤ «እግሬን ትንሽ ላሳርፍ» የምትሉ ይህን አስታውሱ። ሱጁድ ላይ ሄልሜቱም ጎግሉም ይወለቁ፣ ፊት መሸፈኛውም ከግንባር ይነሳ።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሎጁ ምሳ ቤት በዙህር ሰዓት እንደ መርካቶ ነው የሚጨናነቀው። ቀደም ብሎ ስልክ ደውሎ ፀጥ ያለ ጥግ መጠየቅ ይቻላል፤ ካልተገኘ አውቶቡሱ ጎን እንሰግዳለን። ቀጭን የሶላት ምንጣፍ በረዶ ላይ ወዲያው ስለሚርስ የዮጋ ፍራሽ ይዛችሁ ኑ። ቂብላው ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ስልክ በብርድ ባትሪው በድንገት ስለሚያልቅ በአፕ አዛን አትተማመኑ፤ የእጅ ሰዓት እሰሩ። ለተጓዥ አሚር መሾም ሱና ነው፤ የእኛ አሚር ሥራው 12፡30 ላይ በተወሰነው ቦታ ቆሞ መቁጠር ይሁን። ሊፍት ላይ ያለ ሰው መውረጃው እስኪደርስ መጠበቅ ስላለበት ሰዓቱ ከመድረሱ 20 ደቂቃ በፊት ማንም አዲስ ሊፍት አይሳፈር።

ዓርብ ቢሆን ትኬቱ ይረክሳል፣ መንገዱም ይከፈታል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እውነት ነው፤ ይረክሳል። ጁሙዓ በሙሳፊር ላይ ግዴታ እንዳልሆነም ሁላችንም ሰምተናል። ሆኖም ሩኽሳ የተሰጠው ጉዞ ላይ ላገኘው ሰው ነው፤ ለትኬት ቅናሽ ሲባል ስልሳ የጁሙዓ ሰጋጆችን ከግቢው ይዞ መውጣት የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር ሥራ አይመስለኝም። ቅዳሜ ይሁን።

«እህቶች ቢቀሩስ» የሚለውን ሐሳብ በግልጽ እቃወማለሁ። ልብሱን አስቡት፦ ሰፊ ሱሪ፣ እስከ ጭን የሚደርስ ጃኬት፣ ጓንት፣ የአንገት መሸፈኛ፣ ሄልሜት፣ ጎግል። በዚህ አገር እህቶቻችን ሳይፈጠጥባቸው የሚውሉበት ቦታ ካለ በረዶው ላይ ነው፤ እዚያ ሁሉም ሰው ተሸፋፍኗል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ላይ ነው። መርፌ ቁልፍ በፍጹም አይደረግም፤ ስትወድቂ ይወጋል። አንድ ድርብ ቀጭን የጀርሲ ሒጃብ ወይም ከአንገት እስከ ራስ የሚጠለቅ መሸፈኛ ይበቃል፤ ጫፉ ሊፍት እንዳይዘው ጃኬት ውስጥ ይግባ። ሄልሜቱ ሲለካ ሒጃቡ ላይ ሆኖ ይለካ። ሴት አስተማሪ ስትመዘገቡ መጠየቅ ይቻላል፤ ዕለቱን ጠብቆ መጠየቅ ግን ላያስገኝ ይችላል። ሴት ያለ መሕረም ስለመጓዟ የዑለማ የተለያየ ንግግር አለ። አንዲት እህት «ወንድሜ ከሌለ አልሄድም» ካለች፣ ወንድሟ የግቢያችን ተማሪ ባይሆንም መቀመጫ ይሰጠው። አዳር ያለበት ጉዞ አይደለም፤ ይህን ለእናቶች የሚያስረዳ ሰው ከኮሚቴው ይመደብ። ወረቀት ከመላክ ደውሎ «እማማ፣ ማታ ይመለሳሉ» ማለት ይሻላል።

የቀረውን በፍጥነት። ጥጥ አትልበሱ፤ ላብና በረዶ ይመጥና ያቀዘቅዛል። ከውስጥ ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ። ጂንስ ለብሶ የሚመጣ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይርሳል፣ ቀኑን ሙሉ ሎጅ ውስጥ ይቀመጣል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለጥቁር ሰው አያስፈልግም የሚለውን ወሬ ተዉት፤ አዲስ በረዶ አልትራቫዮሌት ጨረርን እስከ 80 በመቶ ይመልሳል፣ ከፍታውም ይጨምርበታል። የላቭላንድ መነሻ ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። «እኛ ደገኞች ነን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ራስ ዳሸን ከኮሎራዶ ረጅሙ ተራራ ከኤልበርት ይበልጣል፤ ግን ጂዳ ወይም ዴንቨር ያደገ ሳንባ ይህን አያውቅም። ውሃ ጠጡ፣ ራስ ምታት የጀመረው ይናገር። ምግብ ከቤት ይያዝ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ በቴርሞስ ሻይ። የሎጁ ሾርባ ምን እንዳለበት ስትጠይቁ አትዋሉ፤ ትኩስ ቸኮሌቱ ላይ የሚጣለው ማርሽሜሎም ብዙውን ጊዜ ጄላቲን አለበት። መኪና ነጂ ካለ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ በአይ-70 የተራራ ክፍል ላይ የጎማና የሰንሰለት ሕግ አለ፤ መንጃ ፈቃድ በዚህ ዓመት ያወጣ ሰው ሌላ ሰው ጭኖ ዳገቱን አይውጣ። እኔ አውቶቡሱን እመርጣለሁ። ቀኑም አይገፋ፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ አሁን የበረዶው ወቅት ውስጥ ገብቷል፣ «ትንሽ እናዘግየው» ማለት ወደ ጾም መግባት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በትላልቆቹ ሪዞርቶች በዕለቱ መስኮት ላይ የሚሸጥ የአንድ ቀን ትኬት ከ200 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ዋጋ ከሄድን «ለሶደቃ ቢውል ይሻላል» ያለው ወንድም ትክክል ነው፤ የሚሄዱትም አባታቸው የሚከፍልላቸው ብቻ ይሆናሉ። ትንሽ ሪዞርት፣ ቀድሞ የተገዛ የጀማሪ ጥቅል፣ ከከተማ የተከራየ ዕቃ ወጪውን በጣም ያወርዱታል። የሚቀረው ልብሱ ነው፤ ሰው በዓመት አንዴ ለሚለብሰው ሱሪ ለምን ይገዛል?

እኔ የማቀርበው ማኅበሩ የበረዶ ልብስ ወቅፍ እንዲያቋቁም ነው። ውሃ የማያስገቡ ሱሪዎች፣ ጓንቶች፣ ጎግሎች፣ ከሁሉም በላይ የእጅ አንጓ መከላከያዎች በየመጠናቸው በማኅበሩ ስም ተይዘው፣ ለጉዞ ለሚወጣ ተማሪ በነፃ ይሰጡ፤ ታጥበው ይመለሱ። ተመራቂዎች ወደ ሌላ ስቴት ሲሄዱ የሚጥሉትን እንሰብስብ፤ ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎች ላይም በስፕሪንግ ሲረክስ እንግዛ። ሄልሜትን ግን አንዴ ከተመታ በውጭ ሳይታይ ሊጎዳ ስለሚችል ከማናውቀው ሰው አንቀበል፤ ይከራይ። ወቅፉ ለስኖውቦርድ ብቻ የሚሆንም አይደለም። በየዓመቱ ኦገስት ላይ ከአገር ቤት በቀጭን ጃኬት የሚመጣ አዲስ ተማሪ አለ፤ ኖቬምበር ላይ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲንቀጠቀጥ የምናየው።

እንዲህ ከተደረገ አንድ ለመሄድ አቅም ያለው ተማሪ ለራሱ ሲከፍል ሌላ አቅም የሌለውን ሊያለብስ ይችላል። ኮሚቴው የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሦስት መስመር እንዲጨምር እጠይቃለሁ፦ የልብስ መጠን፣ የሚለግሱት ዕቃ፣ እና የሌላ ሰው ትምህርት መክፈል ይፈልጉ እንደሆነ። የሚከፍለውም የሚከፈልለትም ስም በግሩፑ ላይ አይወጣም። በእኔ በኩል ሁለት ጓንትና አንድ መካከለኛ መጠን ሱሪ አለኝ፤ ከሚመጣው ጁሙዓ በኋላ ሙሶላው በር ላይ ካርቶን ከተቀመጠ እጥላቸዋለሁ።